የእናኑ ሠላሳ

እናኑ ቁጥር ስትሰማ ዐይኗን ትጨፍናለች። ገበያ ላይ አይደለም፤ ገበያ ላይ ዐይኑን የጨፈነ ሰው በርበሬውንም ገንዘቡንም ተሰናብቶ ይገባል፣ እሷ ደግሞ ማንኩሳ ገበያ ላይ የምትታለል ሴት አይደለችም። የምትጨፍነው ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ "ሰባት ጊዜ አሥራ አንድ" ሲል፣ ከፊት ያሉት ልጆች በጣታቸው ሲቆጥሩ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ መምህሩ እንዳያያቸው ሲያጎነብሱ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጨፈን ታደርጋለች። ያን ጊዜ ቁጥሮቹ ይመጣሉ። አውድማ ላይ እንዳሉ በሬዎች ቀስ እያሉ ይዞራሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ሠላሳ ይደርሱና ተመልሰው ከአንድ ይጀምራሉ። የሚነዳቸው ድምፅም አለ። የአባቷ ድምፅ ነው።

አባቷ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ይባላሉ። ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች ደብር አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዜማ ለሚሻ ዜማ፣ አእምሮው ለበራለት ደግሞ ባሕረ ሐሳብን፣ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ። መስከረም አንድ ቀን ቅዳሴ ሲወጣ "ዘንድሮ ነነዌ በዚህ ቀን ትገባለች፣ ፋሲካ በዚህ ቀን ይውላል" ብለው ለሕዝቡ የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። ባንክ የሰጠውን ካላንደር ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው እንኳ ቆሞ የሚሰማው የሳቸውን ነው። ካላንደር ሊሳሳት ይችላል፤ የኔታ አይሳሳቱም።

ተማሪዎቹ የሚማሩት ከቤቱ ጓሮ፣ ከግድግዳው ጋር በተያያዘች ዳስ ሥር ነበር። እናኑ ደግሞ በዚያው ግድግዳ ወዲህ ማዶ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ያኔ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቷ ነው። ግድግዳው ስንጥቅ ነበረው፣ እጅ የማያስገባ፣ ድምፅ ግን የሚያስገባ። እንዝርቷ ሲሾር የአባቷ ቁጥር በስንጥቁ ይገባል። "በሠላሳ ግደፍ!" ይላሉ የኔታ። ወሩ ሠላሳ ቀን ነውና፣ በዚህ ሒሳብ ከሠላሳ የበለጠ ቁጥር ሁሉ ሠላሳው እየተጣለ ትራፊው ይያዛል። አርባ አምስት ከሆነ አሥራ አምስት፤ ስድሳ ከሆነ አልቦ፣ ማለትም ባዶ። ተማሪዎቹ ሲሳሳቱ እናኑ ከውስጥ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ሲያገኙት እንዝርቷን ፈጠን ታደርጋለች። አንዳንዱ ተማሪ ሦስት ዓመት የፈጀበትን እሷ ሁለት ባዘቶ ሳትጨርስ ያዘችው ቢባል ትንሽ ማጋነን ነው፤ ብዙ ግን አይደለም።

ተማሪዎቹ በየኔታ ላይ የሚቀልዱት አንድ ቀልድ ነበራቸው። የኔታ ዜማውን በለሆሳስ ያስተምራሉ፣ ቁጥሩን ግን እየጮኹ፣ ይላሉ። እናኑም ከነሱ ጋር ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ድፍረት አገኘችና፣ "አባየ፣ እኔንም ያስተምሩኝ" አለቻቸው። አባቷ ብዙ ቆይተው አዩዋት። "ሰው ምን ይለኛል ልጄ?" አሉና ወጡ። ያ ነገር አለቀ። ከዚያ በኋላ የምታውቀውን ሁሉ ለማንም ሳትናገር እንደ ሰረቀችው ዕቃ ደብቃ ያዘችው።

በአሥራ ስድስት ዓመቷ ላቀው ለሚባል ገበሬ ተዳረች። ላቀው ደግ ሰው ነው፤ አንደበቱ ግን ሾል ያለ ነው። ሁለት ልጆች ወለዱ። ሁለተኛው ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ የነበረችው እናት እሷም ደብተር ገዝታ ተከተለች። እየወጣች እየወጣች ስምንተኛ ደረሰች። እዚያ ላይ እግሯ ተያዘ። የክልሉን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለቴም በሒሳብ ወደቀች፤ አማርኛውን፣ ታሪኩን፣ ሳይንሱን ጥርግ አድርጋ ሠርታ፣ በሒሳብ። በቃል ባሕረ ሐሳብ የምታወጣ ሴት በሒሳብ ወደቀች ቢባል ማን ያምናል? ደግነቱ ማንም አያውቅም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትመዘገብ ላቀው፣ "ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ" አለ።

"ወቃጯ እኔ፣ አንተ ምን ቸገረህ?" አለችው፤ እሱም ሳቀና ደብተሯን ከዝናብ የምትሸፍንበት ላስቲክ ቆርጦ ሰጣት።

ለአባቷም ልትነግራቸው ሄደች። እናቷ ካረፈች ወዲህ መሪጌታ ብቻቸውን ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ዐይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም፣ የመጨረሻው ተማሪያቸው ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

"ሦስተኛሽ ነው?" አሉ።

"ሦስተኛዬ ነው አባየ።"

መቋሚያቸውን መሬት ላይ አሹ። "እንግዲህ የዘመኑን ሒሳብ ካለፍሽ እኔም የጥንቱን አስተምርሻለሁ። ፊት ለፊት አስቀምጬ።"

እናኑ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን አላየችውም። የበቆሎው ማሳ ከግራ ከቀኝ ያልፋል፣ እሷ ትሄዳለች፣ እግሯ መሬት ይንካ አይንካ አታውቅም። ትምህርቱንማ ታውቀዋለች። የፈለገችው ትምህርቱን አልነበረም፤ ያ ድምፅ አንድ ቀን እንኳ ግድግዳ ሳይኖር ለሷ ተብሎ ሲወጣ መስማት ነው። ለዚያ ደግሞ አባቷ በሕይወት መቆየት፣ እሷም ዘንድሮ ማለፍ አለባት። አራተኛ ዓመት እንደማይጠብቃት ገብቷታል።

የዚያ ዓመት የሒሳብ መምህር ናሁሰናይ የሚባል የቡሬ ልጅ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጠመኔ እንደ ሲጋራ ጆሮው ላይ ይሰካል። በዕድሜ ስለምትበልጠው "እትዬ እናኑ" እያለ አክብሮ ነው የሚጠራት፤ እሷም እንደ ማንኛውም ተማሪ ብድግ ብላ ትቀበለዋለች።

ይህ ልጅ አንድ ነገር ነበረው። "ያልታወቀው ቁጥር ኤክስ ይሁን" ሲል ድምፁ ዝግ ይላል። ይሁን! እናኑ ይቺን ቃል ወደደቻት። የማታውቀውን ነገር አለማወቅህን ሳታፍርበት ስም ሰጥተኸው፣ "ይሁን" ብለህ፣ ከሚታወቁት ጋር እኩል አስቀምጠኸው ትሄዳለህ። መጨረሻ ላይ ራሱ ማንነቱን ይነግርሃል። ቤት ገብታ ይህንን ለላቀው ነገረችው።

"ዝናቡም ኤክስ ይሁን?" አለ ላቀው ሰማዩን እያየ።

"ይሁን።"

"የማዳበሪያውስ መምጫ?"

"እሱም ይሁን።"

"ሁሉም ኤክስ ከሆነ ታዲያ እኛ ምን እናውቃለን?" አለ፤ ይህንንም ለአንድ ሳምንት ያህል ስታስበው ከረመች።

ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ፈተና ተሰጠ። እኩልታ፣ ወደር፣ ፐርሰንት፤ ሃያ ጥያቄ። ናሁሰናይ የእናኑን ወረቀት ሲያርም ዘጠኝ ቦታ ኤክስ አደረገበት፣ የራሱን ኤክስ፣ ቀዩን። ወረቀቱን ሊያስቀምጥ ሲል እጁ ቆመ። "ሁለት ከረጢት ዘር ለአራት ቃዳ መሬት ቢበቃ፣ ለሰማንያ ቃዳ ስንት ከረጢት ይበቃል?" ለሚለው አሥር ብላለች፤ መልሱ አርባ ነው። የሁለት መቶ አርባ ሃያ አምስት ፐርሰንት ስንት ነው ለሚለው "አልቦ" ብላ ጽፋለች፤ መልሱ ስድሳ ነው። ሦስት ኤክስ ሲደመር ስድስት እኩል ይሆናል መቶ አርባ አንድ፤ ኤክስ አርባ አምስት መሆን ሲገባው አሥራ አምስት። ትክክል የሆኑትን ደግሞ አያቸው። ሁሉም ከሠላሳ በታች ናቸው። ከሠላሳ በታች የሆነውን አንድም አልሳተችም።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ፣ "ኤክስ ለሦስት ሲካፈል ሃያ አምስት" ብሎ ጻፈና ጠራት። እናኑ ተነሥታ ዐይኗን ጨፈነች።

"አሥራ አምስት።"

"ሰባ አምስት!" አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

"ሰባ አምስት ሳያገኙ አልቀሩም፣ እትዬ እናኑ። አሥራ አምስት እንዴት አደረጉት?"

"ገደፍሁት" አለች እናኑ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ መግደፍ የሚያውቁት ጾም ላይ ነው። "በነቢያት ጾም!" አለ አንዱ ከኋላ። ናሁሰናይም ሳያስበው ሳቀ። እናኑ አልሳቀችም። ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ድረስ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ እሱም ያን ሲያይ ሳቁን ቆረጠ። መምህር ሆኖ እንደዚያ ቀን ራሱን የጠላበት ቀን የለም።

ልጆቹ ሲወጡ ጠብቆ፣ "ይቅር ይበሉኝ። ያሉት ነገር አልገባኝም፤ ያስረዱኝ" አላት።

እናኑ መጀመሪያ መስኮቱን አየች። ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ያልተናገረችውን ተናገረች። ስለ ግድግዳው፣ ስለ እንዝርቱ፣ ስለ ሠላሳው። ገበያ ላይ አርባን አርባ እንደምትል፣ በቃል ስታሰላ ግን ሠላሳ ሲሞላ እጅ እንደያዘው ዕቃ በራሱ እንደሚወድቅ። የተማረ ሰው ሒሳብ እንደዚያ ይመስላት ነበር፤ የገበያው ለገበያ፣ ይኸኛው ለትምህርት። የክልሉ ፈተና ላይ ያገኘችው ቁጥር ከምርጫዎቹ ውስጥ ሲጠፋባት ፊደል በግምት ታጠቁር እንደነበረም ነገረችው።

"ሁለት ቁጥሮች አሉ" አለች በመጨረሻ። "አበቅቴና መጥቅዕ ይባላሉ። በየዓመቱ ይለዋወጣሉ። ሁልጊዜ ግን ተደምረው ሠላሳ ናቸው። አንዱን ካወቁ ሌላው የትም አይሄድም።"

ናሁሰናይ ጠመኔውን ከጆሮው አወረደና ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ኤክስ ሲደመር ዋይ፣ እኩል ይሆናል ሠላሳ።

"እኩልታ እኮ ነው" አላት። "እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው እርስዎ የጀመሩት።"

እናኑ ሰሌዳውን ብዙ አየችው። የአባቷ ድምፅ በጠመኔ ተጽፎ እዚያ ተቀምጧል። አልቅሺ አልቅሺ አላት።

"አሁን ችግሩ አንድ ነው" አለ ልጁ። "የአባትዎ ቁጥር ቤት አለው፤ ሠላሳ ሲሞላ ይመለሳል። የኔው ግን ከፍኖተ ሰላም እንደተነሣ አውቶብስ ነው፤ ማንኩሳን፣ ቡሬን፣ መራዊን እያለ ይሄዳል፣ አይመለስም። እኔን ባያምኑ ያገኙትን ቁጥር ወደ ቦታው ይመልሱና ይጠይቁት። አሥራ አምስት ለሦስት ሲካፈል ሃያ አምስት ይሆናል?"

"አምስት ነው።"

"እንግዲያው እሱ አይደለም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናኑ ከሠላሳ በላይ መሄድን ተማረች። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እርምጃዋን ትቆጥራለች፤ ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። እዚያ ላይ ልቧ ይቆማል። ሠላሳ አንድ ስትል አባቷን በር ላይ ጥላ የሄደች ይመስላታል። ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት። መንገዱ ከዚህ በፊት ያላየችው መንገድ ይሆናል፣ ባሕር ዛፉም የበቆሎው አገዳም የሌላ አገር ይመስላል፤ ዞር ብላ ታያለች፣ አባቷ ከሠላሳው ላይ ቆመው የሚያይዋት እየመሰላት። ግን ትሄዳለች። መቶ ስትደርስ ትቀመጥና ታርፋለች። መቶ ላይ ፐርሰንት አለ። ፐርሰንት ደግሞ "መቶ ቢሆን ኖሮ" ማለት ነው፣ እሱም እንደ ምኞት ነገር ነው፤ ስለዚህ እዚያ ስትደርስ አትፈራም።

ሰኔ መጣ። የክልሉን ፈተና ፍኖተ ሰላም ሄደው ተፈተኑ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ፈታኙ የሚለው አይሰማም፣ ከልጆቹ መሀል እናኑ ብቻዋን ነጠላ ለብሳ ተቀምጣለች። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ደረሰች። ሃያ አምስት ፐርሰንቱ ዘጠኝ የሆነ ቁጥር ስንት ነው? ሀ ስድስት፣ ለ ሃያ ሰባት፣ ሐ ሠላሳ ስድስት፣ መ አርባ አምስት።

ዐይኗን ጨፈነች። ዝናቡ ውስጥ እንዝርቱ ይሾራል፣ ስንጥቁ ይታያታል። ዘጠኝ አራት ጊዜ ሠላሳ ስድስት። "በሠላሳ ግደፍ!" አለ ድምፁ፤ እርሳሷም ወደ ሀ ሄደ። ስድስት። ምርጫው ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፣ ና ና ይላል። ሁለቱን ዓመት ያልመጣ ዘንድሮ መጣ።

ወደ ቦታው መለሰችው። የስድስት ሃያ አምስት ፐርሰንት አንድ ተኩል ነው። ዘጠኝ አይደለም።

"ይቅር ይበሉኝ አባየ" አለች በሹክሹክታ። "ዛሬስ አልገድፍም።" ሐን አጠቆረች። ፈታኙ መጥቶ ምን ሆነሽ አላት፤ ፊቷ ረጥቦ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል ብላው ወደ አሥራ ስምንተኛው ሄደች።

ውጤቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ተሰማ። ናሁሰናይ እስከ ቤቷ ድረስ በባጃጅ መጣ፣ የመጨረሻውን ጭቃ በእግሩ። ሒሳብ ሰማንያ ሁለት። ላቀው ሰማና ቆቡን አውልቆ፣ "ውሃው ሊጥ ሆነ በሉኛ!" አለ፤ ከዚያ ወደ በረት ሄዶ ብቻውን ቆየ፤ ሲመለስ ዐይኑ ቀልቶ ነበር።

በጳጉሜን የመጀመሪያ ቀን እናኑ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ፣ አባቷ ዘንድ ሄደች። መሪጌታ ወንበር አውጥተው ጓሮ፣ የድሮዋ ዳስ በነበረችበት ቦታ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ሌላ በርጩማ አለ።

"ተቀመጪ" አሉ። ተቀመጠች። "የመጪው ዓመት ወንበር ዘጠኝ ነው። አበቅቴው ስንት ይሆናል?"

እናኑ ደነገጠች። ወንበር አበቅቴው የሚወጣበት የዓመቱ ቁጥር ነው፤ ይህ የጀማሪ ጥያቄ አይደለም። "አባየ፣ እኔ መች ተማርሁና?"

"ተይ እናኑ።"

"እውነቴን ነው፣ አባየ—"

"ግድግዳው የተሰነጠቀ ጊዜ እናትሽ ልምረገው ስትል አትንኪው ያልሁ ማን ነው?" አሉ። የማያዩት ዐይኖቻቸው በቀጥታ ወደሷ ናቸው። "ሰው ፈራሁ ልጄ። አጠገቤ ላስቀምጥሽ ፈራሁ። ተማሪዎቹማ ጉልበቴ ሥር ነበሩ፤ በሹክሹክታ ይሰሙኝ ነበር። ቁጥሩን ስጮህ የኖርሁት ለማን ይመስልሻል?"

እናኑ ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ያዘችና አለቀሰች፤ እንደ ልጅ፣ ድምፅ አውጥታ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌባ ነኝ ስትል ኖራ፣ ለካስ የተሰጣትን ነው የያዘችው። መሪጌታ እስክትጨርስ ጠበቋት፤ እጃቸውን ከራሷ ላይ አላነሡም።

"በይ፣ ወንበር ዘጠኝ" አሉ ቆይተው።

ዐይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ዘጠኝ በአሥራ አንድ ዘጠና ዘጠኝ። አበቅቴው ዘጠኝ። መጥቅዑ ሃያ አንድ።"

"ነነዌስ?"

"መስከረም ሃያ አንድ ቅዳሜ ይውላል። ለቅዳሜ የሚጨመረው ተውሳክ ስምንት፤ ሃያ ዘጠኝ። ነነዌ ጥር ሃያ ዘጠኝ ትገባለች።"

"ፋሲካስ?"

"ዘጠኝ ይጨመራል።" ዐይኗን ጨፈነች። አውቶብሱ ሠላሳን አልፎ ሄደ። "ሠላሳ ስምንት።"

የመሪጌታ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው። "መጋቢት ሠላሳ ስምንት? ኧረ ምን ያለ ወር አመጣሽብን!"

እናኑም ገባትና ሳቋ መጣ። ዓመት ሙሉ ላለመግደፍ ስትታገል፣ የሚገደፍበት ቦታ ላይ ረሳችው።

"እዚህስ ግደፊ" አሉ አባቷ። "መስከረም አንድ ቀን ካጠገቤ ትቆሚያለሽ። ቁጥሩ እያመለጠኝ ነው፤ ሲጠፋኝ አንቺ ትነግሪኛለሽ።"

"ሰው ምን ይላል አባየ?"

"የሚለውን ይበል። በይ፣ ፋሲካ መቼ ነው?"

"ሚያዝያ ስምንት" አለች በቀስታ።

መሪጌታ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደሷ ዘንበል አሉ። "ጮክ በይ ልጄ፣ ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም።"